የገበሬ ልጅ ስንቅ፦ በጎንደር ዙሪያ የትምህርት ድጋፍ የት ላይ ይጎድላል?

እሑድ ከሰዓት በኋላ አምባ ጊዮርጊስ ወይም ትክል ድንጋይ መግቢያ ላይ ብትቆሙ ልጆች ከየገጠሩ ሲመጡ ታያላችሁ። ጀርባቸው ላይ ማዳበሪያ አዝለዋል። ውስጡ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ አለ። አንዳንዱ ከላዩ ላይ ማገዶ ጨምሮበታል። የሳምንት ስንቅ ነው። ልጆቹ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩ የገበሬ ልጆች ናቸው። በብዙ ቀበሌ ትምህርት ቤቱ 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ሁለተኛ ደረጃ ያለው የወረዳው ከተማ ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ቤት ይከራያሉ። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ለስንቅ ወደ ቤት ይሄዳሉ። እሑድ ተሸክመው ይመለሳሉ።

ስለ ትምህርት ድጋፍ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ማዳበሪያ ነው። ምክንያቱም እኛ ከተማ ሆነን የምንሰጠው ድጋፍ ብዙ ጊዜ እሱን አያየውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጳጉሜ ሲገባ ዘመቻ ይጀመራል። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት፣ የወጣት በጎ ፈቃደኞች፣ ባንኮች፣ ውጭ አገር ያሉ ወገኖች ደብተርና እስክሪብቶ ይሰበስባሉ። ቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ ቲክቶክ ላይቭ ይደረጋል። መስከረም ላይ ልጆች ተሰልፈው አንዳንድ ደርዘን ደብተርና አንድ ቦርሳ ይቀበላሉ። ፎቶ ይነሳል። ይህን የማነሳው ላጣጥለው አይደለም። ብዙ ልጅ በዚያ ደብተር ተምሯል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የደብተር ዋጋ ለገበሬው ቀላል ወጪ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የገበሬ ልጅ ትምህርት የሚያቋርጠው ደብተር ስላጣ ነው ወይ?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የሚያቋርጠው ጉልበቱ ስለሚፈለግ ነው፣ የሚያድርበት ስለሌለው ነው፣ ስንቁ ስላለቀ ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ መንገዱ ስለሚያስፈራ ነው። እነዚህን የሚሸፍን የደብተር ዘመቻ አላውቅም።

ከገበሬው ሒሳብ እንጀምር። ከተማ ላለ ወላጅ ትምህርት ወጪ ማለት ገንዘብ ነው። ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ታክሲ። ገበሬው ዘንድ ግን ዋናው ወጪ ልጁ ራሱ ነው። የ8 ዓመት ልጅ እረኛ ነው። የ12 ዓመቷ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች። የ15 ዓመቱ እርፍ ይጨብጣል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ከብቱን ማን ይጠብቅ? ያለው ሰው እረኛ ይቀጥራል፣ በእህልና በልብስ ይከፍላል። የሌለው ልጁን ያስቀራል፣ ወይም ሁለቱን ልጆች በፈረቃ ያደርጋቸዋል፦ አንዱ ጠዋት ይማራል፣ ሌላው ከሰዓት። አባትዬው የትምህርትን ጥቅም ስላላወቀ አይደለም። አሳምሮ ያውቃል። ግን በሬው ሰው ማሳ ከገባ የሚጣላው እሱ ነው፣ ካሳ የሚከፍለውም እሱ ነው።

የወቅቱ ነገር ደግሞ አለ። የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው መስከረም ነው። ለገበሬ መስከረም ምን ዓይነት ወር ነው? ጎተራው የተሟጠጠበት ነው። የአምናው እህል በክረምቱ ተበልቷል። የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ነው። ጤፍ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ገበያ ወጥቶ ገንዘብ እስኪሆን ጥር ይገባል። ደምቢያ ላይ ሽንብራው ከዚያም ይዘገያል። እንግዲህ ምዝገባው፣ ዩኒፎርሙ፣ የቤት ኪራይ ቅድሚያው ሁሉ የሚመጣው ገበሬው ኪስ ውስጥ ምንም በሌለበት ወር ነው። ያኔ በግ ይሸጣል፣ ያውም በርካሽ። ወይም ይበደራል። ወይም «ለዘንድሮ ይቅር፣ ለከርሞ ትገባለህ» ይላል። ከርሞ የገባ ልጅ ስንቱ ነው?

ኅዳር ላይ ደግሞ አጨዳ ይመጣል። ደቦ ይጠራል። ጎረቤት ለወንፈል ሲመጣ የቤቱ ልጅ መቅረት የለበትም፤ ነውር ነው። በዚያ ሰሞን የገጠር ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። መምህሩ ይቆጣል፣ ወላጅ ጥሩ ይላል። ወላጁ አይመጣም፤ ማሳ ላይ ነው። ልጁ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀርና ሲመለስ ሒሳቡ አልፎታል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ጥር ላይ ይጠብቀዋል። ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ አባቱ የሚናገረው ይታወቃል፦ «ለትምህርት አልተፈጠርክም።» ልጁ ግን የወደቀው አጨዳ ስለዋለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር ትልቅ ለውጥ ያመጣል ብዬ አምናለሁ። የማካካሻ ትምህርት ነው። አጨዳ ካለቀ በኋላ፣ ከገና በፊት፣ ቅዳሜና እሑድ ለነዚያ ልጆች ያለፋቸውን የሚያስተምር ሰው። ወጪው የመምህር አበልና ጠመኔ ነው። ፎቶው አያምርም። ለዚህ ይመስለኛል ማንም የማይሰጠው።

ደጋው ይህን ይመስላል። ቆላው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ከተማ ላይ ስለ እሱ የሚወራው ግን ከሁሉ ያነሰ ነው።

ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውኃና መተማ ትወርዳላችሁ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። የሰሊጥ አገር ነው። መተማ፣ ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆ፣ ከዚያም ሁመራ። ሰሊጡ ክረምት ሲገባ ይዘራል። ሐምሌና ነሐሴ ይታረማል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይታጨዳል። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ሲደርቅ ፍሬውን የያዘው ማቀፊያ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መታጨድ አለበት። ባለእርሻው ያን ሁሉ መሬት በአካባቢው ሰው ብቻ አያደርሰውም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበለሳ፣ ከወገራ፣ ከደምቢያ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይወርዳል። የአዘዞ መናኸሪያ በዚያ ሰሞን ማጭድና ብርድ ልብስ በያዘ ወጣት ይሞላል።

ከነዚያ ወጣቶች መካከል ተማሪዎች አሉ። ክረምቱን ለአረም ይወርዳሉ። ሐሳባቸው የዩኒፎርምና የጫማ ገንዘብ ይዘው ለመስከረም መመለስ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አረሙ ሲያልቅ አጨዳው ይደርሳል። የአጨዳው ክፍያ ደግሞ ከአረሙ ይሻላል። «ትንሽ ልጨምር» ይላል ልጁ። መስከረም ያልፋል፣ ጥቅምት ያልፋል። ኅዳር ላይ ሲመለስ ምዝገባ ተዘግቷል። ገንዘቡን ይዟል፣ ዓመቱን ግን አጥቷል።

ሕጉ ስለ ዕድሜ ግልጽ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 አሳድጎታል። ከ15 እስከ 18 ያሉት ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ሰሊጥ ማሳ ላይ ግን ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። ክፍያው በተሠራው ሥራ መጠን ነው። ብዙ ያጨደ ብዙ ያገኛል። በዚህ ስሌት የ16 ዓመት ልጅ በ7 ሰዓት አይቆምም።

በሽታውም አለ። ወባ ብቻ አይደለም። ካላዛር የሚባለው በሽታ በዚህ የመተማና የሁመራ ቆላ ዋናው ስጋት ነው። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች። ቀን የሠራው ሠራተኛ የሚተኛው እዚያው ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር ነው። የደጋው ልጅ ሰውነት ለበሽታው አዲስ ነው። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚገድል በሽታ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ለዚህ በሽታ የሚሆን የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ። ግን ልጁ ትኩሳቱን ወባ ነው ብሎ ስንት ሳምንት ያስታምማል? ስለዚህ ለገጠር ተማሪ የሚሰጥ ድጋፍ የሰኔ ወር ምክርንም ማካተት አለበት። የምትወርድ ከሆነ አጎበር ያዝ፣ ትኩሳት ካልለቀቀህ ቶሎ ታይ፣ መስከረም ከመግባቱ በፊት ተመለስ። ይህን ለመናገር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

ከዚያ ደግሞ እዚያው ቆላ ላይ የሚኖሩ የሠራተኛ ቤተሰቦች አሉ። ወቅት አልፎ የማይመለሱ ናቸው። በአካባቢው ሳሉግ ይሏቸዋል። አባትየው ከእርሻ እርሻ ይዞራል። እናትየው ለሠራተኛው ታበስላለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ልጆቹ ዳስ ውስጥ ያድጋሉ። የነዚህ ልጆች ችግር ከሁሉም የተለየ ነው። አድራሻ የላቸውም። ዛሬ አንዱ እርሻ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላው እርሻ። ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሉ መሸኛ ይጠየቃሉ። መሸኛ የሚሰጠው የቀድሞው ትምህርት ቤት ነው። የቀድሞው ትምህርት ቤት ደግሞ የለም፣ ወይም ልጁ እዚያ የቆየው ሁለት ወር ብቻ ነው። የልደት ካርድም የለም። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም የሚመልሳቸው። ወረቀት የሌለውን ልጅ የት መዝገብ ላይ ይጻፈው?

ለዚህ ዓይነት ልጅ የሚሆን አሠራር አገራችን ውስጥ አለ፤ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለው ለዓመታት አርብቶ አደር አካባቢ ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ የተጀመረ ፈጣን ትምህርት አለ። የመጀመሪያዎቹን 3 ክፍሎች በ10 ወር አስጨርሶ ልጁን መደበኛ ትምህርት ቤት ያስገባዋል። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ አስተማሪው ከአካባቢው የተመለመለ ወጣት ነው። የሰሊጥ ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ እርሻዎቹ አጠገብ እንዲህ ዓይነት ክፍል ቢከፈት ብዙ ልጅ ይይዛል። ባለእርሻዎቹ ራሳቸው ዳሱን ቢሠሩ አይከብዳቸውም። ሠራተኛው ልጁ የሚማርበት ቦታ ካገኘ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመጣል። የሰሊጥ ባለሀብት ሁልጊዜ የሚያማርረው ደግሞ የሠራተኛ እጥረት ነው።

አሁን ወደዚያ ማዳበሪያ ልመለስ።

የገጠር ልጅ 8ኛን ሲያልፍ ቤተሰቡ ሁለት ቤት ማስተዳደር ይጀምራል። አንዱ የራሱ ቤት ነው። ሌላው ከተማ ላይ ልጁ የተከራየው ክፍል ነው። ያ ክፍል ብዙ ጊዜ የጭቃ ቤት ነው። አንድ መብራት አለው፣ ያም አከራዩ ሲፈቅድ ነው። ልጁ 14 ወይም 15 ዓመቱ ነው። ራሱ ያበስላል፣ ራሱ ያጥባል፣ ውኃ ይገዛል። ረቡዕ ገደማ እንጀራው ይሻግታል። ሐሙስ በሶ ነው። ዓርብ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የዓርብን ክፍል ጊዜ መምህራን ያውቁታል፤ ልጁ ሰሌዳውን ያያል፣ ሐሳቡ ግን መንገድ ላይ ነው።

ኪራዩ ነው ዋናው። አከራዩ ነሐሴ ላይ ዋጋ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ተማሪ እንደሚመጣ ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሁለትና የሦስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል። ከላይ እንዳልኩት ያ ጊዜ ገበሬው ባዶ የሆነበት ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ ነገሩ ይብሳል። ተማሪው ከሠራተኛውና ከተፈናቃዩ ጋር ለአንድ ክፍል ይሻማል።

ለልጃገረዷ ይህ ክፍል የጥናት ቦታ ብቻ አይደለም። ወላጆቿ የሚፈሩት ነገር ሁሉ እዚያ ነው። በሩ የሚቆለፍ ነው ወይ? መጸዳጃው ከግቢው ውጭ ነው ወይ? አከራዩ ማን ነው? እሑድ ማታ በዚያ መንገድ ብቻዋን ነው የምትመጣው? ብዙ አባት «ከ8ኛ በላይ ይብቃት» የሚለው ትምህርት ጠልቶ አይደለም። ልጁን የሚያሳድርበት የሚያምነው ቤት አጥቶ ነው። ከዚያ ጠያቂ ይመጣል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ጋብቻን ከ18 ዓመት በፊት ይከለክላል። ግን ቤት የዋለች የ15 ዓመት ልጅ እስከ መቼ ቤት ትውላለች?

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ የሚፈትን ማስረጃ ላቅርብ። ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተጀምሮ ነበር። ዓላማው ያለዕድሜ ጋብቻን ማዘግየት ነው። ከዚያ በኋላ ፖፑሌሽን ካውንስል የሚባለው የምርምር ድርጅት የተለያዩ የድጋፍ ዓይነቶችን በተለያዩ ቀበሌዎች ለይቶ አማራ ክልል ውስጥ ሞከረ። አንዱ ቀበሌ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ተሰጠ። ሌላው ቀበሌ ልጅቷ ሳታገባ ትምህርቷ ላይ ለቆየችበት ለእያንዳንዱ ዓመት 2 ዶሮ ተሰጠ። ውጤቱ ምን ሆነ? ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉት ልጃገረዶች ደብተሩ ራሱ በጣም ሠራ። የማግባት ዕድላቸው እጅግ ቀነሰ። ከ15 እስከ 17 ላሉት ግን ለውጡ የታየው ዶሮው ጋ ነው፤ የማግባት ዕድላቸውን በግማሽ ያህል ቀነሰው።

ስለዚህ ደብተር ዋጋ የለውም ማለት ስሕተት ነው። ለትንሿ ልጅ ይሠራል። ከፍ ስትል ግን ቤተሰቡ የሚያመዛዝነው ነገር ይከብዳል፤ ድጋፉም አብሮ መክበድ አለበት። የ5ኛ ክፍል ልጅና የ9ኛ ክፍል ልጅ አንድ ዓይነት ደርዘን ደብተር ሲቀበሉ ሳይ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። የ9ኛዋ የሚያስፈልጋት የሚቆለፍ በር ነው።

ወላጁን የሚያሸንፈው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። ገበሬው ይህን በሬዲዮ ይሰማል። ከሰፈሩም ያያል። አራት ዓመት ስንቅ ያሸከመው ልጅ ማሳ ላይ ተመልሷል፣ እጁ ግን ከማረስ ርቋል። «ታዲያ ለምን?» ሲል መልስ ያስፈልገዋል። ድጋፍ ሰጪዎች ብዙ ጊዜ 1ኛ ክፍል የሚገባውን ልጅ ይቆጥራሉ። 12ኛ የደረሰውን፣ ከዚያም ቴክኒክና ሙያ ወይም ሌላ ቦታ የገባውን የሚከታተል ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው ብዬ ነው። ብዙ ቦታ ግን ክፍት አልነበረም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ባለው ጦርነት ምክንያት ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሲገልጽ ቆይቷል። ከዚያ በፊት የሰሜኑ ጦርነት ነበር፤ ከዚያም በፊት ኮሮና ነበር። የዛሬ 13 ዓመት ልጅ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ያልተቋረጠ አንድ ዓመት ተምሮ ላያውቅ ይችላል። መንገድ ሲዘጋ ስንቅ አይመጣም። ከተማ የቀሩት ተከራይ ተማሪዎች ያኔ ምን በሉ? ጎረቤት ያበላቸው አሉ። ስለነሱ ማንም አልጻፈም።

ጎረቤት ስል አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ጎንደር ተማሪ ማብላት ከማንም መማር የማያስፈልጋት አገር ናት። የቆሎ ተማሪው ከትግራይም፣ ከጎጃምም፣ ከሸዋም አቋቋም የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ሊማር ጎንደር ወዳለው የበአታ ቤተ ክርስቲያን ይመጣ ነበር፤ ዛሬም ይመጣል። ይዞት የሚመጣው ለምዱንና አኮፋዳውን ነው። ጎጆ ይቀልሳል። ቀን ቀን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቱ እመቤት ቁራሽ እንጀራ ታመጣለታለች። ከዚያ ይማራል። ደብተር ማን ሰጠው? ማንም። ብራናውን ራሱ ፈለገ። አገሩ የሰጠው ምግብና ማደሪያ ነው። ተማሪ በመጀመሪያ ምን እንደሚያስፈልገው አያቶቻችን ገብቷቸው ነበር።

አላስጌጠውም። የቆሎ ተማሪ ሕይወት ከባድ ነው። ውሻ ይነክሳል፣ እከክ አለ፣ ብርድ አለ፣ በመንገድ የቀረ ብዙ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ በዚያ መንገድ የሄደችው ከስንት አንድ ነው። ግን ማን ማንን ይደግፋል የሚለውን ተመልከቱ። ያን ተማሪ የሚያበላው ባለጠጋ አልነበረም። ራሱ የሚያርስ ገበሬ ነው። ድጋፉ በየቀኑ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ነው፣ ከብዙ ቤት ነው። አንድ ትልቅ ለጋሽ ቢሞት ተማሪው አይራብም።

የዛሬዋ ጎንደርም ይህን አልረሳችም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃልኪዳን ቤተሰብ የሚል ሥራ ጀምሯል። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ከከተማው አንድ ቤተሰብ ጋር ይተዋወቃል። በበዓል ይጠራል፣ ሲታመም ይጠየቃል፣ አባትና እናት ያገኛል። ይህ በጣም የምወደው ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን ቢያንስ መኝታና ካፌ አለው። ከወገራ ወይም ከበለሳ መጥቶ 9ኛ ክፍል የገባው የ15 ዓመት ልጅ ሁለቱም የለውም። ለእሱስ የቃልኪዳን ቤተሰብ ለምን አይኖርም? ሙሉ በሙሉ ማሳደር ያልቻለ ቤተሰብ ረቡዕና ዓርብ ማታ ራት ሊያበላው ይችላል። እንጀራው የሚሻግተውና የሚያልቀው በነዚያ ቀናት ነው። ልጁ አንድ ሰው ስሙን እየጠራ «ፈተና እንዴት ነበር?» ሲለው ማቋረጥ ይከብደዋል።

ድርጅቶችም አሉ፣ ሥራቸውም አለ። የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በአባላት መዋጮ ብዙ ትምህርት ቤት ገንብቷል። ሊንክ ኢትዮጵያ ጎንደርን ይዞ ለረጅም ዓመት በትምህርት ቤቶች ላይ ሠርቷል። ነገር ግን በየትኛውም ድርጅት ሥር ሆናችሁ ብትሠሩ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። ለጋሹ የሚወደው የሚቆጠር ነገር ነው። ሕንፃ ይቆጠራል፣ ደብተር ይቆጠራል፣ ወንበር ይቆጠራል። ቤት ለቤት ዞሮ «ልጅሽ ለምን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደሞዝ ግን እንደ አስተዳደር ወጪ ይታያል። ድሮ በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ጊዜ ስልጠናና ክትትል ሳይቀር እዚያ ይመደብ ስለነበር ድርጅቶች ተጨንቀው ነበር። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ትርጉሙን አስተካክሎ ጣሪያውን 20 ከመቶ አድርጓል። ሕጉ ከተስተካከለ የለጋሹ ልብም መስተካከል አለበት። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያቆየው ብዙ ጊዜ ያ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር ልበል። ልጅን ቦርሳ አስይዞ፣ ጫማ የሌለውን እግሩን አሳይቶ መለጠፍ ይቅር። የገበሬ ቤት ክብር ያለው ቤት ነው። ችግሩን ለጎረቤት እንኳ የማይናገር አባት የልጁን ፎቶ የሰፈር ወጣት ስልክ ላይ ሲያይ በሚቀጥለው ዓመት ልጁን አይልክም። ይህን ያየ ሰው አይረሳውም። ማስረጃ ካስፈለገ የኪራዩ ደረሰኝና የልጁ ካርድ ይበቃል።

ታዲያ አሥር ሆነው የሚሰባሰቡ የቀድሞ ተማሪዎች ዘንድሮ ምን ያድርጉ ብትሉኝ የምለው ይህን ነው። ገንዘቡን በሰኔ ሰብስቡ፤ ጳጉሜ ረፍዷል። 8ኛን አልፈው ከገጠር የሚመጡትን አራት ሴት ልጆች ስም ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ፤ ርእሰ መምህሩ ያውቃቸዋል። አንድ ጠንካራ በር ያለው ክፍል ፈልጉ፣ ግቢ ውስጥ አከራይዋ እናት የሆነች። የአንድ ዓመት ኪራይ በስማችሁ ተዋዋሉ፣ መሃል ላይ እንዳይጨመርባቸው። አባቶቻቸው መጥተው ክፍሉን ይዩ፣ ከአከራይዋ ጋር ቡና ይጠጡ። የኅዳርን አጨዳ አስቡና ለታኅሣሥ የሚያስጠና መምህር አነጋግሩ። ደብተሩን ከዚያ በኋላ ግዙ። አከራዮች የመስከረምን ዋጋ የሚወስኑት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ስለሆነ፣ ፍልሰታ ከመፈታቱ በፊት ውሉን ብትጨርሱ ይሻላል።